ሐሊሜ «ክው» ያላለች ዕለት

ደንጋጭ የሌለበት ሰፈር የለም። ወፍጮ የሌለው ሰፈር አለ፤ ውኃ የሌለው ሰፈርማ ሞልቷል። የሰፈሩን ድንጋጤ ሁሉ በራሱ ላይ ጠቅልሎ የሚደነግጥ አንድ ሰው የሌለው ሰፈር ግን ከሰቆጣ እስከ አዲስ አበባ ቢፈለግ አይገኝም። ይህ ሰው ደመወዝ የለው፣ ሹመት የለው፣ ማንም አልመረጠው፤ ሥራውን ግን አንድ ቀን እንኳ አያስተጓጉልም። ጎረቤት በግ ሲገዛ ይደነግጣል። በጉ ሲታረድ ይደነግጣል። ሳይጠሩት የተበላ እንደሆነማ አይጣል ነው!

የሰቆጣ ገበያ ደንጋጭ፣ በቀድሞው አጠራር ክብርት ወይዘሮ፣ ቀበሌ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ጓድ ሐሊሜ ነበረች። ሱቋ ገበያው ዳር ላይ ነው፤ ጨው፣ ስኳር፣ ክብሪት፣ ሻማና አቡጀዲ ትሸጣለች። ከአበርገሌ ቆላ ፍየል ነድቶ የመጣውን በትግርኛ፣ ከደጋ የወረደውን በኽምጣንግኛ ትከራከረዋለች፤ የምትደነግጠው ግን ባማርኛ ብቻ ነው። «ክው አልሁ!» ትላለች። ቀኝ እጇን ደረቷ ላይ ትለጥፋለች፣ ዐይኗ ይፈጣል፣ ሻሿ በገዛ ፈቃዱ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ሻሹ ሲንሸራተት ለማየት ብቻ ወሬ ፈጥረው የሚያመጡላት ሥራ ፈቶች ነበሩ።

ከእሷ ጋር የጭቃ ግድግዳ የምትጋራው አገኘሁሽ ናት። አገኘሁሽ ማር ነጋዴ ናት፤ ዝምተኛ ናት፤ ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ከወለደቻቸው ሁሉ የቀረችላት ይታየሽ ብቻ ናት። ሐሊሜ በዚያ በኩል «ክው አልሁ!» ስትል፣ በዚህ በኩል የአገኘሁሽ የማር ቅሎች እርስ በርሳቸው ይንኳኳሉ። አገኘሁሽ ከእንቅልፏ የምትነቃው በዶሮ አልነበረም፤ በሐሊሜ የማለዳ ድንጋጤ ነበር እንጂ። «ደግሞ ምን ሰማች፣ እቴ!» ትልና ተነስታ ፊቷን ትታጠባለች።

የሐሊሜ ዋናው ጉዷ ድንጋጤዋ አይደለም፤ ወሬን እስከ መጨረሻው አለመስማቷ ነው። ወሬው ግማሽ መንገድ ሳይደርስ እሷ ደንግጣ ጨርሳለች። አንድ ቀን የቀበሌው ዘበኛ «ሊቀመንበሩ ወደቁ እኮ» ብሎ ሲጀምርላት ሱቋን እንደተከፈተ ጥላ፣ ደረቷን እየመታች እሰውየው ቤት ድረስ ሄደች። ሊቀመንበሩ ጭቃ አዳልጧቸው ወድቀው፣ ተነስተው፣ ሱሪያቸውን ቀይረው ቆሎ ይበላሉ። በዚያን ዘመን የአንድን ሊቀመንበር ሞት አስቀድሞ ማልቀስ ቀልድ አልነበረም። ስብሰባ ተጠራ፤ ሐሊሜ ግለ ሂስ እንድታደርግ ተወሰነባት። «ከእንግዲህ ድንጋጤየን አርማለሁ» ብላ ስትቆም ከኋላ አንድ ሰው አስነጠሰው፤ «ክው አልሁ!» አለች። ስብሰባው በሳቅ ተበተነና በዚያው ተረሳ።

አንድ ሌላ ነገርም ነበራት። ስኳሩንና ቅመሙን የምትጠቀልለው ከወልድያ በሚመጣላት አሮጌ ጋዜጣ ነው። መሠረተ ትምህርት ገብታ ፊደል ለይታለች፤ ግን ከፊደሉ ፎቶው ይቀላታል። ዙሪያውን በጥቁር መስመር የተከበበ ፎቶ ካየች ያ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ይህን ማንም ሳያስተምራት ዐወቀች። እንዲያ ያለውን ገጽ ለብቻው አጥፋ «አላህ ይርሐመው» ትልና መደርደሪያው ጫፍ ላይ ታስቀምጠዋለች። ደንበኛው ተሰልፎ እየጠበቀ እንኳ ቢሆን «ሟች ላይ ስኳር አልጠቀልልም፤ ወላሂ አላደርገውም!» ትላለች። ሰቆጣ ስማቸውን እንኳ ሰምቶ የማያውቃቸው የአዲስ አበባ ሟቾች ሁሉ እሐሊሜ መደርደሪያ ላይ በክብር አርፈው ነበር።

እንግዲህ በእነዚህ ሁለት ሴቶች መካከል ነው ይታየሽ ያደገችው። ወልድያ ተልካ ትምህርቷን ጨረሰች፤ ውጤቷ ሰው ጉድ ያሰኘ ሆነ፤ ወደ ምሥራቅ ጀርመን ነጻ የትምህርት ዕድል አገኘች። ሰቆጣ ማንንም ሳይጠይቅ ሐኪም አደረጋት። አገኘሁሽ ለማር ደንበኞቿ ሁሉ «ልጄ ዶክተር ልትሆን ነው» እያለች አንድ ሰሞን ከልኩ በላይ ትጨምር ነበር። ይታየሽ ልትሰናበት ስትመጣ የተቀበለቻት ግን ሐሊሜ ሱቅ ደጃፍ ላይ ነው፤ ሳትናገር ማለፍ የማይቻልበት ቦታ ነውና።

«እሺ፣ የኔ ሐኪም» አለች ሐሊሜ፤ «የምን ሐኪም ነሽ? የሆድ ነሽ የአጥንት?»

«ሐኪም አይደለሁም፣ እትየ ሐሊሜ። የምማረው ፎቶግራፍ ነው።»

ሐሊሜ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቀሪውን ጠበቀች። ነገሩ ያለቀ አልመሰላትም። «ፎቶግራፍ ምን?»

«ፎቶግራፉን ራሱን። የሥነ ጥበብ ዲግሪ ነው፤ አምስት ዓመት ነው።»

«ክው አልሁ!» ሻሹ መንሸራተት ቀርቶ ወለሉ ላይ ወደቀ። «ያ ለመታወቂያ ያነሳን ሰውየ፣ ራሱን ጨርቅ ውስጥ ቀብሮ ‹አትተንፍሱ› እያለ ሲያስጨንቀን የዋለው፣ እሱን ለመሆን ጀርመን? ያውም አምስት ዓመት? እሱ እኮ የቀበሌውን ሰው በሙሉ ከምሳ በፊት አንስቶ ሄዷል!»

«ዋናው ማንሳቱ አይደለም፣ እትየ። መጀመሪያ የሚያስተምሩት ማየት ነው።»

«ማየት? አገኘሁሽ፣ ኧረ ነይ ስሚ! ልጅሽ ማየት ልትማር ነው ጀርመን የምትሄደው! ዐይኗን ምን ሆነች?»

«ከዚያ ጨለማ ክፍል ተገብቶ ይታጠባል።»

«ምኑ? ልብሱ?»

«ፎቶው።»

«ፎቶ ይታጠባል? ምን ነክቶት ቆሸሸ? ክው አልሁ! ዛሬስ ገደላችሁኝ!»

አገኘሁሽ የማር ቅል ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ሐኪም ብላ ለአገር ያወራችላት ልጅ፣ ከሞት አፍ የተረፈችላት አንዲት ልጅ፣ ባሕር ተሻግራ የፎቶ ማንሻ ቀጭ ማድረግ ልትማር ነው። መጮኽ አማራት፤ ግን አፏን ስትከፍት ሐሊሜ የሚጮኸውን ሁሉ ጮኻ ጨርሳዋለች። የቀራት ነገር አልነበረም። ራሷን እንኳ እስኪገርማት ድረስ በሰከነ ድምፅ «ትሂድ» አለች። «የፈለግሽውን ተማሪ፣ ልጄ። እኔ ፎቶም አላውቅ፣ ዲግሪም አላውቅ። በሕይወት ተመለሽልኝ እንጂ ሌላ አልጠይቅሽም።» ይታየሽም እግሯን ስማ «እመለሳለሁ፣ እማየ» ብላ ማለች።

ልጅቱ ሄደች፤ ወሬው ቀረ። ሐሊሜ የጎረቤቷን ገመና ለመሸፈን ብላ ገበያተኛውን «የምትማረው ስለ ማየት ነው» ስትለው፣ ሕዝቡ ከዚህ ተነስቶ ይታየሽን የዐይን ሐኪም አደረጋት። ከሰሃላ ድረስ በእግራቸው የመጡ ሽማግሌዎች አገኘሁሽ ደጃፍ ላይ ዐይናቸውን በነጠላቸው እያበሱ «የዐይን ሐኪሟ መቼ ትመጣለች?» ማለት ጀመሩ። አገኘሁሽ ማሩን ትታ አሁንስ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አለች። «ሐሊሜ፣ ምን አድርገሽኝ ነው?» ስትላት «እኔ? እኔ ማየት ነው ያልሁ! ዐይን አላልሁም! እንዲህ አሉ? ክው አልሁ!» አለችና ከሁሉም በላይ የደነገጠችው እሷው ሆነች።

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። በሦስተኛው ዓመት በጋ ላይ ከጀርመን የሚመጣው ወሬ ጠፋ። አገኘሁሽን ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ይላት ጀመር። ሲነጋጋ በግድግዳው በኩል «ክው አልሁ!» ስትሰማ ብቻ ነው የምትተነፍሰው። ዛሬም ሐሊሜ የደነገጠችው በጨው ነው፣ በክብሪት ነው፣ በማንም ጫማ ነው፤ በእኔ ልጅ አይደለም ትላለች ለራሷ።

ከዚያ ያ ሐሙስ መጣ። አገኘሁሽ ከንብ አርቢዎቹ ማር ተቀብላ ስትመለስ የሐሊሜ ሱቅ በጠራራ ፀሐይ ተዘግቷል። ጉድ ነው። ሐሊሜ ወባ ይዟት ሲያንቀጠቅጣት እንኳ ሱቋን አልዘጋችም። አገኘሁሽ በጓሮ ዞራ ገባች። ሐሊሜ ጨው ጆንያ ላይ ተቀምጣ ግድግዳ ታያለች፤ ሻሿ እግንባሯ ላይ ቀጥ ብሏል።

«ምነው? አመመሽ እንዴ?»

«ደህና ነኝ።»

አገኘሁሽ ልታጫውታት አሰበች። «ማር እኮ ተወደደ፤ የሰማሽው አትመስይም።»

«እሺ» አለች ሐሊሜ።

እሺ? አገኘሁሽ ጆሮዋን አላመነችም። ይህች ሴት በቲማቲም ዋጋ ራሷን ስታ የምታውቅ ሴት ናት። «የሊቀመንበሩ ሚስት ጠፍታ ሄደች አሉ» ብላ ውሸት ፈጠረች። «አላህ ያግባባቸው» አለች ሐሊሜ። አገኘሁሽ የመጨረሻውን አመጣችው፤ «የአባ ገብረ ሊባኖስ በቅሎ መንታ ወለደች!»

«እንኳን ማርያም ማረቻት» አለች ሐሊሜ።

በቅሎ! ወልዳ! ያውም መንታ! ሐሊሜ፣ እስላሟ ሐሊሜ፣ ማርያም ማረቻት! ክው ያለችው አገኘሁሽ ሆነች። ጨው ጆንያው ላይ የተቀመጠችው ሴት ሐሊሜ አይደለችም። ወይም ደግሞ ሐሊሜ ናት፤ ግን የያዘችው ነገር ክው የማይባልበት ነገር ነው።

በማግስቱ ነገሩ ባሰ። ሐሊሜ ስኳር በእፍኟ አምጥታ «እንኪ» አለቻት። በሚዛን ጫፍ ላይ የቆመች አንዲት ቅንጣት ስኳር ወደ ጆንያዋ የምትመልስ ሴት! ማታም ምግብ ይዛ መጣች፤ «ብዪ፣ ትንሽ ጨምሪ፣ ምንም አልበላሽ እኮ» እያለች ፊት ለፊቷ ቁጭ አለች። ሌሎቹም ጎረቤቶች መጡ፤ ሁሉም ያጎርሷታል፣ ማንም ዐይኗን አያያትም። አገኘሁሽ እያንዳንዷን ጉርሻ እንደ ድንጋይ ዋጠች። ሰው መርዶ ሊነግሩት ሲሉ አስቀድመው እንደሚመግቡት ታውቃለች፤ ስንቱን እሷው ራሷ አጉርሳለች። መርዶ የሚነገረው ደግሞ ጎሕ ሲቀድ እንደሆነ ታውቃለች። ግን አልጠየቀችም። እስኪነጋ ድረስ ልጇ አልሞተችም፤ ጠይቃ ያን አንድ ሌሊት ከልጇ ላይ አትቀንስም።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ የብዙ ሰው እግር ኮቴ ደጃፏ ላይ ቆመ። በሩን ያንኳኩት የሰፈሩ ቄስ አባ ገብረ ሊባኖስ ናቸው፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ከኋላቸው የሰፈሩ ሴቶች፣ ከሁሉም ኋላ ሐሊሜ፣ በአቡጀዲ የተጠቀለለ ነገር ታቅፋ።

«አገኘሁሽ፣ ልጄ፣ እስቲ ተቀመጪ።»

«ቆሜ ልስማው፣ አባ።»

አባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መቼም እግዚአብሔር የሰጠንን እሱው ሲወስድ...» ሲሉ ሴቶቹ ቀሪውን አልጠበቁም፤ ጩኸቱ ቤቱን ሞላው። አንዷ ፊቷን ነጨች፤ አንዷ «ወይኔ ይታየሽ፣ ያገር ዐይን!» እያለች መሬት ላይ ተጣለች። አገኘሁሽ አላለቀሰችም። የሐሊሜን እቅፍ ነው የምታየው።

«ምንድን ነው እሱ? አምጪው።»

ሐሊሜ ዐይኗን ጨፍና ፈታችው። ትሪ የሚያህል ፎቶግራፍ ነው፤ የይታየሽ ፊት፤ ዙሪያውን ድፍን ጥቁር መስመር። ሐሊሜ ከሐሙስ ጀምሮ ያየችው ያን ጥቁር ብቻ ነበር፤ አንድ ጊዜ አይታ ጠቅልላው ዳግም አልገለጠችውም። ሌላውም ሰው በእሷ ቃል ነው ያመነው። ወሬ እንደ ቆሎ የምትበትን ሴት ሱቅ ዘግታ ዝም ካለች ማን ይጠራጠራል?

አገኘሁሽ ፎቶውን ነጥቃ ወደ በሩ፣ ወደ ብርሃኑ ወሰደችው። ጥቁሩን አየች። መቃኑን ያዘች። ከዚያ ከጥቁሩ ውስጥ ያለችውን ልጇን አየች። ረጅም ጊዜ አየች። ሴቶቹ ልቅሷቸውን ቀነስ አደረጉ፤ ልትወድቅ ነው ብለው ሊደግፏት ተጠጉ።

«ይቺ ልጅ ሳቋን ይዛለች» አለች አገኘሁሽ።

«አይዞሽ፣ እቴ» አሏት።

«ከንፈሯን ነክሳለች እኮ! ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሳቅ ሲመጣባት እንዲህ ነው የምታደርግ! ደግሞ ይኼ፣ እደረቷ ላይ የያዘችው ጥቁር ነገር ምንድን ነው?»

«ዳዊት ይሆናል፣ የኔ እናት» ብላ አንዷ እንደገና ልቅሶውን ጀመረች።

«የምን ዳዊት? የፎቶ ማንሻ ነው! አባ፣ እስቲ ይዩት፤ መስታወት ፊት ቆማ ራሷ ናት ራሷን ያነሳችው! የሞተ ሰው ራሱን ያነሳል?»

አባ ገብረ ሊባኖስ አዘኑ፤ ግን ጥያቄው የሃይማኖት ጥያቄ መሰላቸውና መልስ ግዴታ ሆነባቸው። «የለም ልጄ፣ የሞተ ሰው ራሱን አያነሳም። ሙታንን የሚያነሳ ጌታ ብቻ ነው፤ እሱም በመጨረሻው ቀን።» ሴቶቹ ይህን ሲሰሙ ባሰባቸው። አገኘሁሽ ኀዘን አእምሮዋን ነካው ተባለ፤ ጸበል እንውሰዳት ያሉም ነበሩ። እሷ ፎቶውን እደረቷ ላይ ይዛ «ራሷን አንስታለች! ራሷን አንስታለች!» እያለች በኽምጣንግኛም ባማርኛም ትጮኻለች፤ የሚሰማት የለም።

በዚህ መሀል ከአበርገሌው ኒሯቅ የተመለሰ የጭነት መኪና ገበያው ዳር ቆመ። ሾፌሩ ሰላሕ፣ የሐሊሜ የወንድም ልጅ፣ የልቅሶውን ድምፅ ሲሰማ ማን እንደሞተ ሳይጠይቅ፣ እንደ ወጉ፣ ከሩቁ እያለቀሰ መጣ። ወግ ዐዋቂ ልጅ ነው። ደረቱን እየመታ ደጃፉ ላይ ደርሶ ሲያበቃ ነው አጠገቡ ያለውን ሰው በጆሮው «ማነው የሞተ?» ያለው።

«ይታየሽ።»

«የትኛዋ ይታየሽ?»

«የጀርመኗ።»

ሰላሕ ልቅሶውን እመሀል ላይ ቆረጠው። «መቼ ነው የሞተች? ሐሙስ ደህና አልነበረች?»

ሴቶቹ ነጠላቸውን ከፊታቸው ላይ አነሱ።

«ያን ፎቶ ወልድያ ላይ የሰጠኝ ከእሷ ጋር የሚማር ልጅ ነው፤ ለዕረፍት መጥቶ። ደህና ናት፣ ለዚህ ፎቶ ተሸልማለች፣ ክረምት እናቷን ልታይ ትመጣለች በል ብሎኛል። ለአክስቴ ሁሉንም ነግሬያት ነው የሄድሁ!»

ሕዝቡ ዞሮ ሐሊሜን አየ።

«መቼ ነገርኸኝ?» አለች፣ ድምፅ በሌለው ድምፅ።

«ሱቁን እላየ ላይ ስትዘጊው! በሩን እየደበደብሁ ‹ደህና ናት፣ ክረምት ትመጣለች› ስልሽ! ጭነቱ ተጭኖ፣ ሰው እየጠበቀኝ፣ ሰምታለች ብየ ሄድሁ!»

ሐሊሜ አፏን ከፈተች። ቀኝ እጇ ቀስ ብላ ተነሳች፣ እደረቷ ላይ ተለጠፈች። ዐይኗ ፈጠጠ። ያ ከሐሙስ ጀምሮ እግንባሯ ላይ ቀጥ ያለው ሻሽ ተንሸራተተ። «ክው...» አለች፣ ከዚያ ትንፋሿን ስባ ሰቆጣን በሚያናውጥ ድምፅ «ክው አልሁ!» አለች።

አገኘሁሽ የበሩ ደፍ ላይ ተዘርፍጣ ያን ጊዜ አለቀሰች። ሰላሕ ከተናገረው ሁሉ ይልቅ ያቺ ቃል ናት ያሳመነቻት። አባ ገብረ ሊባኖስ ነጠላቸውን አስተካክለው «እንግዲህ ተነስታለች ማለት ነው» አሉ፤ ሰው ሳቀ፤ ለልቅሶ የመጣው እህል ለደስታ ተበላ።

ግን ደስታው ሲበርድ ንዴቱ መጣ። አገኘሁሽም ሰው ናት። «በቁሜ ቀበርሽኝ እኮ! ልጄን በሕይወቷ ቀበርሽብኝ! አንድ ቀን እንኳ ጆሮሽ እስከ መጨረሻው ይስማ፣ ምናለ?» ብላ ጮኸችባት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐሊሜ ሱቋን ትከፍታለች፣ ትሸጣለች፣ ትዘጋለች፤ አትደነግጥም። ወሬ ቢያመጡላት «እስኪያልቅ ልስማ» እያለች አንገቷን ደፍታ ትጠብቃለች። ሰፈሩ ጣዕሙን አጣ። አገኘሁሽ ማለዳ መንቃት አቃታት፤ ማር ደንበኞች ደጃፏ ላይ ቆመው ይመለሳሉ። ጎሕ ሲቀድ በግድግዳው በኩል ያለው ዝምታ ያንን ሐሙስ ያስታውሳታል። አኩርፋም አልቻለችው። አንድ ጠዋት ግድግዳውን በቡጢ መታችው።

«ሐሊሜ!»

«አቤት።»

«የአባ በቅሎ መንታ አልወለደችም። ውሸቴን ነው።»

«የምን በቅሎ?»

«ያን ጊዜ ወልዳለች ብየሽ ነበር እኮ፤ አንቺም ‹ማርያም ማረቻት› አልሽ።»

«እኔ? በቅሎን? ማርያምን? ክው አልሁ!»

የማር ቅሎቹ ተንኳኩ፤ አገኘሁሽም ሳቀች። በዚያው ታረቁ።

ክረምት ሲገባ ይታየሽ መጣች። መኪናው ጭቃ ይዞት መንገድ ላይ ስለቀረ ቀሪውን በበቅሎ ነው የመጣችው። ጥቁሩን ነገር መጀመሪያ የጠየቀቻት ሐሊሜ ናት፤ ሌላ ሰው አላስቀደመችም። «እሱ ሞት አይደለም፣ እትየ» አለች ይታየሽ፤ «የፊልሙ ጠርዝ ነው። ጥቁሩ ሳይቆረጥ ከታተመ፣ ካየሁት ነገር ምንም አልጎደለም፣ ሁሉም ይኸው ማለት ነው። አስተማሪየ እንዲህ አድርጉ ይሉናል።»

«አስተማሪሽ ሰው ሞቶባቸው አያውቅም?» አለች ሐሊሜ።

የዐይን ሕመምተኞቹም አልቀሩ፤ የዐይን ሐኪሟ ገባች ሲባል ከሰሃላ ተሰልፈው መጡ። ይታየሽ ፊቷ ደም መሰለ። ሐኪም አለመሆኗን እያንዳንዳቸውን ቁጭ እያደረገች አስረዳች፤ የባሰባቸውን እጤና ጣቢያው ድረስ ራሷ ወሰደች፤ ያን ያህል መንገድ በከንቱ አልመጣንም እንዲሉ ደግሞ አነሳቻቸው። ለመመረቂያ የምታቀርበው የሰው ፊት ነበርና፣ ያ ሁሉ የሰሃላ ሽማግሌ ጀርመን ሄደ።

የመጨረሻዋ ፊት ሐሊሜ ነበረች። ይታየሽ «እርስዎን ካላነሳሁ አልመለስም» አለች፤ «ሰው ፊቱ ላይ ስንት ነገር እንዳለ መጀመሪያ ያየሁት በእርስዎ ነው።» ሐሊሜ አዲስ ሻሽ አስራ፣ ጨው ጆንያው ላይ ተቀምጣ፣ መታወቂያ እንደሚነሳ ሰው ደረቀች። ትንፋሿን ሁሉ ያዘች። ሰቆጣን ሲያናውጥ የኖረ ፊት ድንጋይ ሆነ። ሰላሕ በመኪና ወሬ፣ አገኘሁሽ በማር ወሬ ሊያስደነግጧት ሞከሩ፤ «ዝም በሉ፣ እየተነሳሁ ነው» አለች በከንፈሯ ጫፍ። በመጨረሻ ይታየሽ ማንሻውን ዝቅ አድርጋ «በቃ፣ አልቋል» አለች።

«አለቀ?» አለች ሐሊሜ። «ይኸው ነው? ለዚች ነው አምስት ዓመት? ክው አልሁ!»

ቀጭ አለ። ይታየሽ ጣቷን ከማንሻው ላይ አላነሳችም ነበር።

ይታየሽ ትምህርቷን ልትጨርስ ወደ ጀርመን ተመለሰች። ሐሊሜን ግን ከዚያው አጥባ ላከቻት፤ ትሪ የሚያህል፣ እጅ በደረት፣ ዐይን ፈጦ፣ ሻሹ በአየር ላይ፣ ዙሪያውን ያ ጥቁር። ሐሊሜ ሟቾቹን ከመደርደሪያው አንስታ በቦታቸው የራሷን ፎቶ ሰቀለች። እንግዲህ ከሩቅ የመጣ ገበያተኛ ሁሉ ገና በማለዳ ስኳር ሊገዛ ይገባል፣ ጥቁሩን ያያል፣ ባርኔጣውን ያወልቃል።

«አላህ ይርሐማት» ይላል፤ «እናትሽ ናት?»

«ክው አልሁ!»

በግድግዳው ማዶ ቅሎቹ ይንኳኳሉ። አገኘሁሽ ገና ዐይኗን አልገለጠችም፤ ልጇም ገና አልተመለሰችም፤ ጀርመንም ሩቅ ነው። «እሰይ» ትላለች። «ልጄ ዛሬም ደህና ናት።» ተነስታ ፊቷን ትታጠባለች።